ድግሱ የማን፣ ዕዳው የማን? ስለ ኦሊምፒክና ስለ መንግሥት ዋስትና

አንድ መምህር ለባልደረባው ብድር ዋስ ሆኖ ሲፈርም በዚያች ቀን ከኪሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። እንዲያውም ተመርቆና ቡና ተጋብዞ ይመለሳል። ተበዳሪው ሳይከፍል የቀረ ዕለት ግን አበዳሪው የሚመጣው ወደ ዋሱ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የዋስ ፊርማ ነፃ ይምሰል እንጂ ዋጋው ሳይነገር እንደተገዛ ዕቃ ነው። ታላላቅ የስፖርት ውድድሮችን ለማዘጋጀት መንግሥታትና ከተሞች የሚሰጡት ዋስትናም ከዚህ የተለየ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ዋስትናው ምን እንደሆነና በሁለት ከተሞች ምን እንዳስከተለ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ዋስትናው ምንድን ነው?

የኦሊምፒክ ጨዋታ ባለቤት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው፤ የዓለም ዋንጫ ደግሞ የፊፋ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ውድድሩን ለአንድ ከተማ ወይም አገር ሲሰጡ በፊርማ የተረጋገጠ ዋስትና ይጠይቃሉ። ዋስትናውም በሁለት ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው የአገልግሎት ዋስትና ነው። ለእንግዶች የመግቢያ ፈቃድ መስጠት፣ ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ማስገባት፣ ከግብር ነፃ ማድረግ፣ ጸጥታ ማስጠበቅና የመሳሰለው በዚህ ውስጥ ይገባል። ደቡብ አፍሪካ ለ2010 የዓለም ዋንጫ ለፊፋ 17 ዋስትናዎችን ሰጥታለች።

ሁለተኛውና ከባዱ የጉድለት ዋስትና ነው። ከትኬት፣ ከቴሌቪዥንና ከማስታወቂያ የተገኘው ገቢ ወጪውን ካልሸፈነ ልዩነቱን የፈረመው ወገን ይከፍላል ማለት ነው። መንግሥት ደግሞ የሚከፍለው ከሕዝብ በሚሰበስበው ግብር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የሞንትሪያል ዕዳ

ብዙዎቻችን የካናዳዋን ሞንትሪያል የምናውቃት በ1976 እነ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጡባት በመቅረታቸው ነው። በዚያን ጊዜ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ አገራችንና ሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች በኦሊምፒኩ አልተካፈሉም። ከተማዋ ግን ሌላም የምታስተምረን ነገር አላት።

በ1973 ለዝግጅቱ የቀረበው በጀት 310 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። ገንዘቡም ከመታሰቢያ ሳንቲም፣ ከቴምብርና ከሎተሪ ሽያጭ ይገኛል ተባለ። ከንቲባው ዣን ድራፖ፣ ወንድ ልጅ እንደማያረግዝ ሁሉ ኦሊምፒክም ኪሳራ አይኖረውም ብለው ተናገሩ። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ጉድለት ቢመጣ እንደማይሸፍን አስቀድሞ አስታወቀ። ታዲያ እሱ ካልከፈለ ዕዳው የሚወድቀው በከተማውና ከተማው በሚገኝበት በኬቤክ ክፍለ ሀገር ላይ ነው።

የስታዲየሙ ፕላን ያዘነበለ ማማና የሚከፈት፣ የሚዘጋ ጣራ ያለው፣ እጅግ የተወሳሰበ ነበር። ሥራው ዘገየ፤ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ በዚያ ላይ ከ1973 የነዳጅ ቀውስ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ናረ። ሌላው ችግር ቀኑ ነው። ተራ ሕንፃ ቢዘገይ ለከርሞ ይደርሳል። ግንባታ ዘገየ ተብሎ ግን የኦሊምፒክ መክፈቻ አይተላለፍም። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ሥራ ተቋራጩ የጠየቀውን መክፈል ግድ ይሆናል።

በ1975 መጨረሻ የኬቤክ መንግሥት ሥራውን ከከተማው ተረከበ። ጨዋታው ሲከፈት ማማው ገና አላለቀም ነበር፤ የተጠናቀቀው በ1987 ነው። የቀረው ዕዳ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ከመጀመሪያው በጀት አምስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ለዚህም በትምባሆ ላይ ልዩ ቀረጥ ተጣለ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። በኦሊምፒኩ ዓመት የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር። ኦሊምፒኩን ያመጡት ከንቲባ ግን በ1986 ሥልጣን ለቀው፣ በ1999 አርፈዋል። ፈራሚው ሄደ፣ ከፋዩ ቀረ ማለት ይኼ ነው።

አልፈርምም ያለችው ከተማ

የሞንትሪያል ነገር ሌሎችን ስላስደነገጠ ለ1984 እስከ መጨረሻው በዕጩነት የቀረበችው ሎስ አንጀለስ ብቻ ነበረች። በ1978 ነዋሪዎቿ ተመላሽ የማይሆን የከተማ ገንዘብ ለኦሊምፒክ እንዳይወጣ በድምፅ ወሰኑ። የኦሊምፒክ ደንብ ከተማዋ ኃላፊነቱን እንድትወስድ ቢያዝም፣ ሌላ ዕጩ ስላልነበረ ኮሚቴው ሳይወድ በግድ ደንቡን አላላ።

ዝግጅቱን በፒተር ዩበሮት የሚመራ የግል ኮሚቴ ያዘ። የሚደርስለት ዋስ እንደሌለው ስላወቀ ቆጠበ። በ1923 የተከፈተውን የኮሊሲየም ስታዲየም አድሶ ተጠቀመ፤ አትሌቶቹን በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች አሳደረ፤ በአሜሪካ የቴሌቪዥን መብቱን በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በመጨረሻም 232.5 ሚሊዮን ዶላር ተረፈው። እርግጥ የፌዴራሉ መንግሥት ለጸጥታና ለመሳሰለው ማውጣቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ለጉድለት ተብሎ የከተማው ነዋሪ ላይ የመጣ ዕዳ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህችው ከተማ ለ2028 ፈርማለች! ጉድለት ቢመጣ የመጀመሪያውን 270 ሚሊዮን ዶላር ከተማዋ፣ ቀጣዩን 270 ሚሊዮን የካሊፎርኒያ መንግሥት፣ ከዚያ የሚበልጠውን ሁሉ እንደገና ከተማዋ ልትከፍል ነው። ለምን ሐሳቧን ለወጠች? በ1978 ተፎካካሪ አልነበረም፤ ኋላ ግን ፓሪስን የመሰለች ከተማ አብራ ቀርባለች። ከእሷ በፊት ቦስተን ለ2024 በዕጩነት ተመርጣ ከንቲባዋ ዋስትናውን አሁን አልፈርምም በማለታቸው በ2015 ከውድድሩ ወጥታለች። ተወዳዳሪ ሲበዛ የመደራደር ኃይል ወደ ውድድሩ ባለቤት ይዞራል።

ምን እንማራለን?

ውድድር ማዘጋጀት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አገራችንም የአፍሪካ ዋንጫን በ1962፣ በ1968ና በ1976 አዘጋጅታለች፤ በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ማንሣታችን እስከ ዛሬ የሚያኮራ ነው። ዋስትናም ቢሆን ለመተማመን ያስፈልጋል። ነገር ግን ከጭብጨባው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል፦

1. ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን ተወስኗል ወይስ ገደብ የለውም?
2. ስታዲየሙ አሁን አለ ወይስ ገና የሚሠራ ነው?
3. የሚፈርመውና የሚከፍለው አንድ ሰው ነው?

እኛም ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፣ ባልደረባችን ወረቀት ይዞ መጥቶ «እዚህ ጋ ፈርምልኝ፣ ምንም የለውም» ማለቱ አይቀርም። ሰው ለሰው ዋስ መሆኑ ደግ ነው። ግን ስንት እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ አንብበን እንፈርም።