ላልነገሠ ንጉሥ የተመታ ሳንቲም

ላሊበላ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ስትወጡ መንገድ ዳር መስቀልና የአንገት ጌጥ የሚሸጡ ሱቆች አይታችኋል። ከጌጦቹ መሀል አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ሞላ ያለች ሴት፣ ፀጉሯ ላይ ሻሽ ጣል አድርጋ። አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሏት እሷን ነው። የኦስትሪያ ገዢ ነበረች። የላስታ ንጉሥ መልክ ያለበት ሳንቲም ግን ሱቅ ለሱቅ ብትዞሩ አታገኙም።

ይህ ለምን ይገርመኛል? ከዚሁ ከዋግና ከላስታ ምድር የተነሡ ሰው፣ ከዛግዌ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉት ዋግሹም ጎበዜ፣ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ጎበዜ «ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው በዚያው ዓመት ዘውድ ጫኑ። ዙፋኑን የሚፈልጉ ግን ሌሎችም ነበሩ። ሸዋ ውስጥ ምኒልክ አሉ፤ ትግራይ ውስጥ ደግሞ የገዛ ሚስታቸው ወንድም ካሣ ምርጫ።

በዚያው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ «ዙፋኑ የእኔ ነው» የሚል ሰው ሲኖር፣ ደጋፊዎቹ ሳንቲም ሊያስመቱለት ይችሉ ነበር። የፈረንሳዩን አንሪ እንይ። አያቱ ንጉሥ ሻርል 10ኛ በ1830 እ.ኤ.አ. ከዙፋን ሲወርድ ዘውዱን ለእሱ ተወለት፤ ልጁ ገና 10 ዓመት አልሞላውም። ዙፋኑን ግን ሉዊ ፊሊፕ ወሰደው። ይኸው ሆኖም የልጁን ምስል የያዘ፣ 1831 የሚል ዓመት የተጻፈበትና «አንሪ 5ኛ የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚል 5 ፍራንክ ተመታ። ዳቦ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም። አንሪ በ1883 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ፈረንሳይን አልገዛም፤ ሳንቲሙን ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

በጥቂቱ ተመትቶ ገበያ ሳይወጣ የሚቀር ሳንቲም የናሙና ሳንቲም ይባላል። አብዛኛው ናሙና እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም፤ ፋብሪካው ንድፉን አሳይቶ «ይሁን» እንዲባል ብቻ የሚሠራ ነው። ለምን ጥቂት እንደሚሆን ለመረዳት ግን አሠራሩን ማወቅ አለባችሁ። (እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪነቴ ይነሣብኛል፣ ታገሱኝ።)

ሳንቲም የሚመታው ዳይ በሚባሉ ሁለት የብረት ቅርጾች መሀል ነው። ቀራጩ ምስሉንና ፊደሉን ገልብጦ፣ ልክ በመስታወት እንደሚታየው፣ ለስላሳ በሆነ ብረት ላይ ይቀርጻል። ከዚያ ብረቱ በእሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ባዶው ክብ ብር መሀል ይገባና ይጨፈለቃል። ጠገራ ብር ለሚያህል ሳንቲም ከመቶ ቶን በላይ ክብደት የሚያህል ግፊት ያስፈልጋል። አስቡት፤ የንጉሥ ማኅተም ወረቀት ላይ በእጅ ይታተማል፣ ይህኛው ግን ማሽን ይፈልጋል። ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ያለው ዳዩ ላይ ነው። ዳዩ አንዴ ካለቀ አሥር ብትመቱበትም አሥር ሺህ ብትመቱበትም የቀራጩ ድካም ያው ነው። ስለዚህ ዙፋን ፈላጊ አሥር መትቶ ማቆም ይችላል፤ የሚፈልገው ስሙ ብር ላይ እንዲታይ ነው እንጂ ለአገር የሚበቃ ገንዘብ አይደለም።

ተክለ ጊዮርጊስ ማሽኑም ቀራጩም አልነበራቸውም። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ይመቱ ነበር፤ ያ ልማድ ግን በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቆሟል። ላሊበላን ያነጹት ዛግዌዎችም አልመቱም። ቢመቱስ ማን ይቀበላቸው ነበር? በሰቆጣ ገበያ የሚያገበያየው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ነው። አሞሌ የንጉሥ ስም አያስፈልገውም፤ ካላመናችሁ ትልሱታላችሁ።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው ሌላ ብረት ነበር። እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄደዋል። ሐምሌ 1863 ዓ.ም ዐድዋ አጠገብ አሰም ወንዝ ላይ ተክለ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ተሸነፉ፤ ተማረኩ፣ ዓይናቸውም ጠፋ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ።

ማሽኑ ያለበት አገር ድረስ ልከው ሳንቲም ያስመቱት ምኒልክ ናቸው። ፓሪስ ውስጥ በተመታው ብራቸው ላይ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት አለ፤ በአንድ በኩል የራሳቸው መልክ ከነዘውዱ፣ በሌላው አንበሳ። ልብ በሉ፣ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ ልክ እንደ ማርትሬዛ። የብሩ ጥራትም 83.5 ከመቶ፤ የማርትሬዛ 83.3 ነው። እኔ ብሆን በቁጥሩ ብቻ ወዲያው እቀበለው ነበር።

ገበያው ግን አልተቀበለም። ማርትሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ሳንቲሟ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን አላቋረጠም፤ ሰው የለመደው ያንን ነው። የብር ዋጋው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ነጋዴው የንጉሠ ነገሥቱን ሳንቲም ወደ ጎን ገፋ ያደርግና የባዕዷን ሴት አንሥቶ የጌጧን እንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር።