ቤት ውስጥ ስለምትኖር ድመት ጤናና ስለ ክትባቷ

ጎተራን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት ለባላገሩ ታላቅ ረዳት እንደሆነች የታወቀ ነው። ነገር ግን ላሙና በሬው ሲከተቡ፥ ውሻውም ሲታሰብ፥ ድመት «ከቤት አትወጣም» እየተባለች ትረሳለች። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በየወረዳው ያላችሁ የእርሻ ሹማምንት ለሕዝቡ እንድታስረዱ ይህን ጽፈናል።

መጀመሪያ፥ የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሰውን በብዛት የሚያስይዘው ውሻ ቢሆንም፥ ድመትም በታመመ ውሻ ተነክሳ ትያዛለች፤ ሰውንም ታስይዛለች። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንደ ተባለው፥ የቤት ድመት በሩ ክፍት በሆነ ሌሊት መውጣቷ አይቀርም። ከዚህም በላይ ያበደን ውሻ ሰው ይሸሸዋል፤ ድመትን ግን ልጆች አቅፈው ይተኛሉ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ይገድላል። አስቀድሞ መከላከል ግን ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ክትባቱን በተነከሰ ልጅ ላይ ካደረገው ወዲህ የታወቀ ነው።

ሁለተኛ፥ ፓንሉኮፔኒያ የሚባል ሰውን የማይነካ የድመት ተላላፊ በሽታ አለ። ትኩሳት፥ ትውከትና ተቅማጥ አምጥቶ ግልገሎችን ይፈጃል። በጫማና በልብስ ተሸክሞ ስለሚገባ የተዘጋ በር አያግደውም።

የዚህ በሽታ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ፥ ግልገሏ 16 ሳምንት እስኪሞላት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ 3 ወር ሲሞላት ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ውሻ በሚከተብበት ቀን ድመትም ክዳን ባለው ቅርጫት ሆና እንድትመጣ ለሕዝቡ ይነገር። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይጠበቅ፤ የተከተበችበትም ቀን በወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጥ።

ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሥር ሲማስና ቅጠል ሲቀጠቀጥ የመከተቢያው ጊዜ ያለፈበት ሰው ኋላ የሚያድነው የለም። ይህን ለየቤተ ሰቡ ማስረዳት የሹሙ ሥራ ነው።