አይረን ማን እና የታጋቹ ቪዲዮ

ጆን ፋቭሮ ያዘጋጀው «አይረን ማን» በ2008 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ሲበቃ፣ ተመልካቹ የፊልሙን ርዕስ ከማንበቡ በፊት የሚያየው የታጋች ቪዲዮ ሲቀረጽ ነው። የጦር መሣሪያ አምራቹ ባለጸጋ ቶኒ ስታርክ አፍጋኒስታን ውስጥ በአሜሪካ ወታደሮች ታጅቦ ሲጓዝ አጀቡ ላይ ጥቃት ይከፈታል። ከአጠገቡ የወደቀው ሚሳኤል የራሱ ኩባንያ ስም ተጽፎበታል። ስሙን አንብቦ ሳይጨርስ ሚሳኤሉ ይፈነዳል። ጭንቅላቱ ላይ የተጠለቀው ከረጢት ሲገፈፍ፣ ቆስሎ፣ በታጣቂዎች ተከቦ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጧል። ከታጣቂዎቹ አንዱ በማናውቀው ቋንቋ መግለጫ ያሰማል። ከሥር የተጻፈ ትርጉም የለም።

የ2008 አሜሪካዊ ተመልካች ትርጉም አላስፈለገውም። በ2002 ካራቺ ውስጥ የተጠለፈውን የዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኛ ዳንኤል ፐርልን፣ በ2004 ኢራቅ ውስጥ የተገደለውን ኒክ በርግን ከዜና ያውቃቸዋል። የተቀመጠ ታጋች፣ ከኋላው የቆሙ ጠመንጃ ያዦች፣ መግለጫ የሚያሰማ ድምፅ፤ አቀማመጡ ብቻውን ቀጥሎ የሚመጣውን ይነግረዋል። ፋቭሮ ይህን ትዝታ አውቆ ነው የተጠቀመበት። ተመልካቹ የተባለውን ስለማይሰማ የታጣቂዎቹን ፍላጎት ከራሱ አምጥቶ ይሞላል፤ ሃይማኖት ነው ይላል፣ ፖለቲካ ነው ይላል። የሞላው ነገር ትክክል አለመሆኑን የሚረዳው ግን ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ፊልም የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ብረት ልብሱና ስታርክን ሆኖ ስለሚሠራው ስለ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ትወና ነው። ለእኔ የፊልሙ ማዕከል ይህ ሳይተረጎም የቆየ ቪዲዮ ነው።

የስታርክ አነሳስ መጀመሪያ የተጻፈው ለሌላ ጦርነት ነበር። በ1963 በወጣው «ቴልስ ኦፍ ሰስፔንስ» የኮሚክ መጽሔት 39ኛ ቁጥር ላይ ስታርክ የሚቆስለው ቬትናም ውስጥ ነው፤ የሚማርከውም ዎንግ ቹ የተባለ የኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች አለቃ ነው። የታሪኩ አጥንት በ45 ዓመት ውስጥ ብዙም አልተነካም። ደረቱ ላይ የደረሰው ጉዳት፣ ምርኮው፣ አብሮት የታሰረው ሳይንቲስት ዪንሰን፣ መሣሪያ እየሠሩ መስለው በድብቅ የሚገጣጥሙት የብረት ልብስ፣ ሁሉም አለ። የተለወጠው ጠላቱ ነው።

የ1963ቱ ጠላት፣ የቱንም ያህል በካርቱን ቢሣል፣ ስም ያለው ርዕዮት ነበረው። በ2008ቱ ፊልም «አሥሩ ቀለበቶች» የተባለው ቡድን ግን ምን እንደሚያምን አይነገርም። ዪንሰን በዋሻው ውስጥ ዓረብኛ፣ ኡርዱ፣ ዳሪ፣ ፓሽቶ፣ ሞንጎልኛ፣ ፋርሲና ሩሲያኛ እንደሚነገር ለስታርክ ያስረዳዋል። አለቃው ራዛ ስለ ሥልጣን ሲናገር የሚጠቅሰው ጄንጊስ ካንን ነው፤ ስለ እምነት ግን አንድ ቃል አይወጣውም። ይህ በአንድ በኩል የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በነበሩት ዓመታት እስላም የሆነን ሁሉ በጅምላ አሸባሪ አድርጎ ማሳየት ለሆሊውድ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ፊልሙ ያንን አልመረጠም፤ የስታርክን ሕይወት የሚያተርፈውም አፍጋኒስታናዊው ዪንሰን ነው። በሌላ በኩል ግን ጢሙን፣ ዋሻውንና ካሜራውን ከዜና ወስዶ ምክንያቱን ትቶታል።

በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው ትርጉሙ የሚመጣው። የስታርክ ረዳት ፔፐር ፖትስ ከኩባንያው ሁለተኛ ሰው ከኦባዳያ ስቴን ኮምፒውተር ምስጢራዊ ፋይሎችን ስትገለብጥ ያንን ቪዲዮ ታገኛለች፤ ኮምፒውተሩም ይተረጉመዋል። መግለጫው ለዓለም የተላከ አልነበረም። የተላከው ለስቴን ነው። ታጣቂው፣ እንድንገድለው የከፈልከን ሰው ታላቁ ቶኒ ስታርክ መሆኑን ደብቀኸናል፣ ስለዚህ ዋጋው ጨምሯል እያለ ነበር። የሽብር መልእክት የመሰለን ነገር የሒሳብ ክርክር ሆኖ ተገኘ።

ይህ መገለጥ በድርሰት ጥበብ ረገድ ድንቅ ነው፤ ፍርሃታችን ሳንሰማ እንድንፈርድ እንዳደረገን ያሳየናል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ግን ያሳስበኛል። ስታርክ በመሣሪያው ላይ የራሱን ስም ሲያነብ የተነሣው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ የዓለም ትልቁ የጦር መሣሪያ አምራች አገር መሣሪያ እንዴት እዚያ ደረሰ? ስቴን ሲጋለጥ ጥያቄው በአንድ ሌባ ላይ ያርፋል። በጓሮ በር የሸጠ ከሃዲ ነበር፤ ከሃዲው ሞተ፤ በሩ ተዘጋ።

በእውነተኛው አፍጋኒስታን መሣሪያ የገባው በፊት በር ነው። ከ1986 ጀምሮ አሜሪካ በሲአይኤ አማካይነት፣ የሶቪየትን ጦር ይወጉ ለነበሩት ሙጃሂዲኖች በትከሻ የሚተኮሰውን ስቲንገር ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ሰጠች። ለዚህ ጦርነት የሚውለውን ገንዘብ ኮንግረሱ ያጸድቅ ነበር፤ መሣሪያው በፓኪስታን የስለላ ድርጅት በኩል ያልፍ ነበር፤ የሚከፋፈለውም ለአለቆቹ ነበር። የሶቪየት ጦር በ1989 ጠቅልሎ ሲወጣ ያልተተኮሱት ሚሳኤሎች በአለቆቹ እጅ ቀሩ። ሲአይኤም በ1990ዎቹ የገዛ አገሩን መሣሪያ በገንዘብ መልሶ ለመሰብሰብ ተሯሯጠ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስቴንን የሚመስል ሰው መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ መሣሪያው የተላከው በመንግሥት ውሳኔ ነበር። የፊልሙ የአየር ኃይል ትዕይንቶች የተቀረጹት በፔንታጎን ትብብር፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር መሆኑን ላወቀ፣ ጥፋቱ ለምን ከመንግሥት ቢሮ ርቆ በኩባንያ ውስጥ እንደቀረ መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ማቅለል ጉልሚራ ላይ ይታያል። ጉልሚራ በፊልሙ የዪንሰን የትውልድ መንደር ነው። ስታርክ ታጣቂዎች ነዋሪውን ሲያፈናቅሉ በቴሌቪዥን ያይና አዲሱን ልብሱን ለብሶ በርሮ ይደርሳል። ታጣቂዎቹ ሴቶችንና ልጆችን መከታ አድርገው ጠመንጃ ሲደግኑባቸው ስታርክ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የራስ ቁሩ ማን ታጣቂ፣ ማን ነዋሪ እንደሆነ ይለያል፤ ከትከሻው የወጡት ጥቃቅን ጥይቶች ታጣቂዎቹን ብቻ ይጥላሉ። ታጋቾቹ ጭረት እንኳ አይነካቸውም። አዳራሹ የሚያጨበጭብበት ቦታ ይህ ነው፤ ጭብጨባውም ይገባኛል። የሽብር ዘመን ጦርነት የሚያስጨንቀው ጠላትና ሲቪል በአንድ ግቢ ማደራቸው ስለሆነ፣ ያን ጭንቀት በአንድ ሰከንድ የሚፈታ መሣሪያ ማየት እፎይታ ይሰጣል።

ፊልሙ ከወጣ አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ በሄራት ግዛት አዚዛባድ በተባለ መንደር የአሜሪካ ጦር አንድ የታሊባን አዛዥ አለ ብሎ የአየር ድብደባ አካሄደ። የተባበሩት መንግሥታት 90 ሲቪሎች መሞታቸውን፣ ከእነሱም 60ዎቹ ሕፃናት መሆናቸውን አስታወቀ። ጦሩ በመጀመሪያ ምርመራው ከአምስት እስከ ሰባት ሲቪሎች ብቻ እንደሞቱ ተናገረ፤ ከሳምንታት በኋላ ባደረገው ሁለተኛ ምርመራ ቁጥሩን ወደ 33 ከፍ አደረገ። የስታርክ የራስ ቁር በቅጽበት የለየውን፣ የዓለም ኃያሉ ጦር ከድብደባው በኋላ አስከሬን ተቆጥሮ እንኳ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሊስማማበት አልቻለም።

ስታርክ ከምርኮ ሲመለስ በጋዜጠኞች ፊት መሣሪያ ማምረት ማቆሙን ያውጃል። የሚሰጠው ምክንያት ሊጠብቃቸው በሠራው መሣሪያ ወጣት አሜሪካውያን ሲገደሉ ማየቱ ነው። ሕሊናው መጀመሪያ የነቃው ለወገኖቹ ነው፤ ይህ ሐቀኛ ሥዕል ይመስለኛል፤ የብዙ አገር ሰው ሕሊና የሚነቃው እንዲህ ነው። ወደ ጉልሚራ የሚወስደው የዪንሰን ዕዳ ነው። ዪንሰን ከዚህ ስወጣ ቤተሰቤን አገኛለሁ ሲል ቆይቶ፣ ሲሞት ነው ቤተሰቡ ቀድሞ ማለቁን ስታርክ የሚረዳው። ያ ቤተሰብ በማን እጅ፣ በምን መሣሪያ እንዳለቀ ፊልሙ አይናገርም። እኔ እንዲናገር እፈልግ ነበር።

በ2013 የወጣው ሦስተኛው ክፍል የቪዲዮውን ሐሳብ የበለጠ ገፋበት። ራሱን «ማንዳሪን» እያለ በቴሌቪዥን የሚያስፈራራው አሸባሪ፣ በአንድ ኩባንያ ባለቤት የተቀጠረ ሰካራም ተዋናይ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በሁለቱም ፊልሞች ከሽብር ቪዲዮ ጀርባ ያለው ነጋዴ ነው።

ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመዘን ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች የተሻለ ምክንያት አለን። ሊቢያ ውስጥ ሕገወጥ አሸጋጋሪዎች ወጣቶቻችንን አግተው፣ እየደበደቡ በስልክ ይቀርጹና ገንዘብ ላኩ እያሉ ለቤተሰብ ይሰዳሉ። ያ ቪዲዮ እንደ ስቴን ቪዲዮ ነው፤ ዋጋ አለው፤ ቤት ተሽጦም ቢሆን ይከፈላል። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. አይሲስ ያሰራጨው ሌላ ነበር። እዚያው ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ከፊሎቹን በባሕር ዳር፣ ከፊሎቹን በበረሃ ሲገድል በጥራት ቀርጾ፣ በባለሙያ አቀናብሮ ለቀቀው፤ ቂርቆስ ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከዚያ ምስል ለዩ፤ መንግሥትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ለእነዚህ ልጆች ማንም ዋጋ አልጠራም። የተገደሉት በእምነታቸው ነው፤ ገዳዮቹም የገደሉት ስለሚያምኑበት ነው፤ ንግግራቸውም በግልጽ ተተርጉሞ ተሰምቷል። «አይረን ማን» የእነዚህን ሰዎች አቋቋም፣ ካሜራና ጠመንጃ በትክክል ቀድቷል፤ የሚያምኑበትን ነገር ግን በደረሰኝ ተክቶታል።