አራዊት ሲያስቁን

በአማርኛ ተረት አራዊት እንደ ሰው ይናገራሉ። አያ ጅቦ በሆዱ ይታለላል፤ እመት ጦጢት በብልጠቷ ታመልጣለች፤ አንበሳም በዙፋኑ ተቀምጦ ይፈርዳል። ሆኖም ይህን የሚሰማ ሕፃን ጅብ በእውነት ይናገራል ብሎ አይሳሳትም። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳልና፣ የሚቀጥለው ነገር ጨዋታ መሆኑን ሁለቱም አስቀድመው ተስማምተዋል።

ሲኒማ ግን እንዲህ ያለ መግቢያ የለውም። በሸራው ላይ የምናየው ዝኆን እውነተኛ ዝኆን፣ ዛፉም እውነተኛ ዛፍ ስለ ሆነ፣ የሚያስቀንን ሁሉ እውነት ነው ብለን ለመቀበል እንቸኩላለን። ስለዚህ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ያሳቁ ሁለት ፊልሞችን ይዘን፣ ጨዋታው ከቁም ነገሩ የሚለይበትን ስፍራ ለአንባቢዎቻችን ልናሳይ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱም ፊልሞች አዘጋጅ በ1921 ተወልዶ በ1996 የሞተው ደቡብ አፍሪቃዊው ጄሚ ዩይስ ነው። በ1974 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንስሳት ውብ ሰዎች ናቸው» ማለት ነው። በናሚብና በካላሃሪ በረሃዎች፣ እንዲሁም በኦካቫንጎ ረግረግ የሚኖሩትን እንስሳት ያሳያል። ፊልሙ ጎልደን ግሎብ የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት አግኝቷል።

የሳቁ ምንጭ እንስሳው ብቻ አይደለም። ተራኪው ፓዲ ኦበርን በረጋ ድምፅ የእንስሳውን ሐሳብ የሚያውቅ መስሎ ይናገራል፤ ሙዚቃውም የእንስሳውን አረማመድ ተከትሎ ይሄዳል። ለምሳሌ አንድ አዳኝ በኩይሳ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ቆፍሮ ፍሬ ይጨምርበታል። ዝንጀሮው ሊያይ መጥቶ እጁን ያገባል፤ ፍሬውንም ይጨብጣል። የጨበጠውን እጅ ማውጣት አይችልም፤ ፍሬውን ለመልቀቅ ግን ልቡ አይፈቅድም፤ በዚህም ይያዛል። አዳኙ ጨው ያበላዋል፤ በማግሥቱም ሲፈታው ዝንጀሮው በጥም ተቃጥሎ ወደ ተሰወረው ውሃ ይሮጣል፤ አዳኙም ከኋላው ይከተለዋል። ስስት በሰው ላይ የሚያመጣውን መከራ ስለምናውቅ በዝንጀሮው እንስቃለን።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የማሩላ ዛፍ ታሪክ ነው። ዝኆኖች፣ ዝንጀሮዎች፣ ሰጎኖችና ከርከሮዎች የበሰለውን ፍሬ በልተው ሰክረው ሲንገዳገዱና ሲወድቁ ይታያሉ። ይህን ያየ ሁሉ ዝኆን በማሩላ እንደሚሰክር አምኖ ለሌላው ነገረ። በ2006 ግን የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በስሌት መረመሩት። ዝኆን ፍሬውን የሚመርጠው መሬት ላይ ወድቆ ከፈላ በኋላ ሳይሆን ከዛፉ ላይ መሆኑን፣ ሰውነቱም እጅግ ግዙፍ መሆኑን ገለጡ፤ ለመስከርም ከልማዱ እጅግ አብልጦ መብላት እንደሚያስፈልገው አስረዱ። በ2020 ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ዝኆን አልኮልን በቶሎ ለመስበር ሰውን የሚረዳው የዘር ባሕርይ እንደሌለው አመለከቱ፤ እንዲህ ከሆነ በጥቂቱ ሊሰክር ይችል ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም። ፊልሙ ግን በጥቂት ደቂቃ ሳቅ ብቻ ነገሩን የተረጋገጠ አስመስሎት ነበር።

ሁለተኛው ፊልም በ1980 የወጣው «አማልክቱ ሳያብዱ አይቀርም» የተባለው ነው። ከአውሮፕላን የተጣለ ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ በካላሃሪ በሚኖሩ የሳን ቤተ ሰቦች መካከል ይወድቃል። ጠርሙሱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ጠብ ያመጣል፤ ስለዚህም አንድ አባት በዓለም ዳርቻ ሊጥለው ጕዞ ይጀምራል። በዚሁ ፊልም አውራሪስ የሰፈር እሳት ባየ ጊዜ እየረገጠ ያጠፋል፤ ልማዱም ይህ ነው ተብሎ ይነገራል። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ነገር ግን የአውራሪስ ልማድ ይህ ለመሆኑ የታመነ ማስረጃ የለም።

እስከዚህ ድረስ ጕዳቱ ቀላል ነው፤ ዝኆንም አውራሪስም ስለ ስማቸው አይከሱንም። ነገር ግን በዚህ ፊልም ውስጥ ያው ተራኪ፣ በዚያው የረጋ ድምፅ፣ ስለ ሰዎች ይናገራል። ሳኖች ከዓለም ተለይተው፣ ንብረትንና ሕግን ሳያውቁ፣ እንደ ሚዳቋ በየዋህነት የሚኖሩ ሆነው ቀርበዋል። እውነቱ ሌላ ነበር። የዋናው ተዋናይ የኒካው አገር ናሚቢያ ያን ጊዜ በደቡብ አፍሪቃ አገዛዝ ሥር ነበረች። ብዙዎቹ ወገኖቹ በጹምክዌ ሰፈር ተሰብስበው በደመወዝና በሚታደል እህል ይኖሩ ነበር፤ ከወንዶቹም በደቡብ አፍሪቃ ጦር የተቀጠሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ጆን ማርሻል ናይ ስለምትባል ሴት በ1980 ባወጣው ፊልም ይህን ኑሮ አሳይቷል፤ የዩይስ ፊልም ሲነሣም የነበረውን ሁኔታ ጨምሮ አቅርቧል። ኒካው ከሲኒማው ሥራ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ እያረሰና ከብት እያረባ ኖረ፤ በ2003ም ዐረፈ።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። ተረታችን አውሬውን ወደ ሰው ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ማንንም አይጐዳም። ሰውን ግን ከአራዊት ጋር ቈጥሮ የበረሃው ጌጥ ማድረግ፣ ችግሩንና መብቱን ከዓይን መሰወር ነው። ሕዝቡ እህል ሲቸግረው ተመልካቹ በደስታ የሚኖር መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ስንል ፊልሞቹ አይታዩ ማለታችን አይደለም። በዝንጀሮው ስስት ሽማግሌም ሕፃንም ይሳቅ። ነገር ግን ከልጆቻቸው ጋር የሚያዩ ወላጆች ሳቁ ሲያበቃ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ይህን ያደረገው እንስሳው ነው ወይስ ይህን አደረገ ያለን ተራኪው ነው? ሰው ታይቶ ከሆነስ ስለ ራሱ እንዲናገር ተፈቅዶለታልን? ልጆቹ መልሱን ሲፈልጉ፣ ለጨዋታ የተባለውን ለጨዋታ ትተው እውነቱን ለይተው ማወቅ ይለምዳሉ።