የጭማቂ ቤቱ ልጣጭና የጭሮ ጠቦት

ሐረርጌ ማድለብን ከማንም የሚማር አገር አይደለም። የሐረር ሰንጋ ስም ያወጣው ገበሬው በጓሮው አስሮ፣ ማሳውን ሲያሳሳ የነቀለውን የማሽላ ቡቃያ በእጁ እያቀረበ ስለሚቀልበው ነው። ከተሜውም ቢሆን በጭሮ፣ በሂርናና በገለምሶ ከጫት የተረፈውን ገረባ ለፍየሉና ለበጉ ይሰጣል። ገረባን እንዲህ የሚያከብር ሰው የማንጎና የብርቱካን ልጣጭ ሲጥል ማየት ያናድደኛል። ብራዚል የብርቱካን ጭማቂ ተረፈ ምርቷን አድርቃ ለአውሮፓ ከብቶች መኖ ትሸጣለች።

ልጣጭ ስኳር አለው፤ በግ ይወደዋል። ችግሩ «ሆዱ ከሞላ ደለበ» የሚለው እምነት ነው። ትኩስ ልጣጭ አብዛኛው ውሃ ነው፤ 1 ኪሎ የማንጎ ልጣጭ ሲደርቅ ከ200 እስከ 300 ግራም ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ያለ ፕሮቲን ደግሞ ሥጋ የለም። የኦቾሎኒ ወይም የኑግ ፋጉሎ ካልታከለበት፣ ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ ካልተጨመረበት ጠቦቱ ይነፋል እንጂ አይደልብም። ሆዱን አይታችሁ አትፍረዱ። እጃችሁን ጀርባው ላይ አሳርፉና ከጸጉሩ ሥር ዳብሱ፤ የአከርካሪው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆራችሁ መኖው ጎድሏል፣ ለስልሶ በሥጋ ከተሸፈነ ገበያ ደርሷል።

ልጣጩን በአንዴ አትቆልሉለት። ስኳር ድንገት ሲበዛ ትልቁ ጨጓራ በአሲድ ይሞላል፤ በጉ መብላት ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። በጥቂቱ ጀምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። የተረፈውን ሸራ ላይ አስጥቶ ማድረቅ፣ የሻገተውን መጣል። አቮካዶ ግን አይቀላቀል፤ ቅጠሉ የበግና የፍየል ልብ የሚጎዳ መርዝ አለው፣ ከልጣጩና ከፍሬውም መራቅ ይበጃል። ስፕሪስ የሚሠራ ቤት ሁሉንም በአንድ ባልዲ ስለሚጥል ሳይለዩ መውሰድ አያዋጣም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ከልጣጩ ጋር ተደባልቆ የሚጣለው ፌስታል ነው። በግ ሲታረድ ጨጓራው ተከፍቶ፣ ፌስታል እንደ ገመድ ተጠምዞ ከመሐሉ ስትሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ያን የተሸከመ እንስሳ ምን ቢቀልቡት አይደልብም።

ስለዚህ የጭማቂ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ሁለት ባልዲ አስቀምጡ፤ አንዱ ለማንጎና ለብርቱካን ልጣጭ፣ ሌላው ለአቮካዶና ለቆሻሻ። አድላቢዎችም ልጣጩን በዕለቱ ውሰዱ፤ ለአረፋ የምታደርሱትን ጠቦት ደግሞ 3 ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።