ከቤት ሳጥን የወጣ ታሪክ

ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ውስጥ የቆዩ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና ደብተሮች የተጠራቀሙበት አንድ ሳጥን ወይም አሮጌ ሻንጣ ይኖር ይሆናል። ዓመት በዓል ደርሶ ቤት ሲጸዳ ከአልጋ ሥር ይወጣል፤ አቧራው ይራገፋል። «ይህ ደግሞ ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ከቤተሰቡ መካከል አይታጣም። አንዳንዴ ሳጥኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አንዳንዴም ወረቀቱ የከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል።

ዛሬ የምናነሣልዎ ሰው የሥራ ዘመናቸውን ታላቅ ክፍል በአንድ ቤተሰብ ወረቀቶች ላይ ያሳለፉ ፊንላንዳዊ የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው ፕሮፌሰር ኤሪክ ታቫስትሼርና ይባላል። የጻፉትም ስለ ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ዣን ሲቤሊየስ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሁለቱ ወንዶች ብቻ አይደለም። ወረቀቱ እንዲነበብ የፈቀዱት፣ ያዩትንም ሳይሸሽጉ የመሰከሩት የቤቱ እመቤት የወይዘሮ አይኖ ታሪክ ጭምር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።)

በመጀመሪያ ሲቤሊየስ ማን ነበሩ? በ1865 ሐሜንሊና በምትባል ከተማ ተወለዱ። ያን ጊዜ ፊንላንድ ነፃ አገር አልነበረችም፤ ከ1809 ጀምሮ በሩሲያ ዛር ሥር የምትተዳደር ግዛት ነበረች። የዛሩ መንግሥት የሕዝቡን መብት እያጠበበ በመጣበት ወቅት፣ በ1899፣ ሲቤሊየስ በኋላ «ፊንላንዲያ» የተባለውን ሥራ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ የደራሲው ስም ከአገሩ ስም ጋር ተቆራኘ። አገሪቱ በ1917 ነፃነቷን ስታውጅ እሳቸው በሕይወት እያሉ እንደ ሐውልት የሚታዩ ሰው ሆነው ነበር። ሰባት ሲምፎኒዎች ደርሰው፣ በ1957 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሆኖም ሕዝቡን ሲያነጋግር የኖረ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ከ1920ዎቹ ማብቂያ በኋላ፣ ሠላሳ ለሚያህሉ ዓመታት፣ ከዚህ ሰው እጅ አንድም ትልቅ ሥራ አልወጣም። ስምንተኛው ሲምፎኒ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ቀረ። ለምን?

መልሱን ለማግኘት ወደ ቤቱ መግባት ያስፈልጋል። ሲቤሊየስና ወይዘሮ አይኖ የተጋቡት በ1892 ነው። በ1904 ከሄልሲንኪ በስተሰሜን፣ ያርቬንፓ አጠገብ በእንጨት ወደ ተሠራ ቤት ገቡ። ቤቱም በእመቤቲቱ ስም «አይኖላ» ተባለ። ስድስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከእነርሱ አንዷ፣ ኪርስቲ፣ በ1900 ገና በሕፃንነቷ በተስቦ በሽታ ሞተችባቸው። ወይዘሮ አይኖ የጓሮ አትክልት ይተክላሉ፣ ያርማሉ፤ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ባለቤታቸው በሚሠሩበት ሰዓት ቤቱ ጸጥ እንዲል እየጠበቁ ነው። የቧንቧው ድምፅ ሐሳብ ይበትናል ተብሎ ባለቤታቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ወደ ቤቱ የውኃ ቧንቧ አልገባም። ከቦኖ ውኃ ቀድታ የምታውቅ እናት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያሻትም።

ጭንቀቱ በዚህ አያበቃም። ለሲቤሊየስ ከ1897 ጀምሮ መንግሥት በየዓመቱ ገንዘብ ይቆርጥላቸው ነበር፤ ዕዳው ግን ከቤት አይጠፋም። ወደ ሄልሲንኪ ሲወርዱ በየምግብ ቤቱ ከወዳጆቻቸው ጋር ይጠጡና ይሰነብታሉ። ሚስት በር በሩን እያዩ ያድራሉ። በ1907 ወይዘሮ አይኖ አቅማቸው ተሟጥጦ ለማገገም ሳናቶሪየም እስከ መግባት ደረሱ። እነዚህን ነገሮች ግን የአደባባዩ ሰው አያውቃቸውም ነበር፤ በደብዳቤዎችና በማስታወሻ ደብተሮች ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

አሁን ወደ ተመራማሪው እንመለስ። ኤሪክ ታቫስትሼርና የተወለዱት በ1916 ነው። የሥራቸው መነሻ መጽሐፍ አልነበረም፤ ፒያኖ ነበር። ከሄልሲንኪ ሌላ በሞስኮና በፓሪስ ከታወቁ መምህራን ዘንድ ተምረው በመድረክ ተጫውተዋል። ወደ ምርምር የተሳቡትም በጣታቸው በሚያውቁት ሙዚቃ በኩል ነው። የሲቤሊየስ የፒያኖ ሥራዎች በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ ነገር፣ ለገንዘብ ሲባል እንደ ተጻፈ ነገር ይቆጠሩ ነበር። ታቫስትሼርና ግን የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በእነዚሁ በተናቁት ሥራዎች ላይ አደረጉ። በ1960 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው፣ እስከ 1983 አስተማሩ። ከማስተማሩ ጎን «ሄልሲንጊን ሳኖማት» ለተባለው ጋዜጣ የሙዚቃ ሂስ ይጽፉ ነበር።

ከእሳቸው በፊት የሲቤሊየስ የሕይወት ታሪክ አልተጻፈም ማለት አይደለም። በ1935 ካርል ኤክማን የተባሉ ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ነገር ግን ባለታሪኩ በሕይወት እያሉ፣ በአብዛኛው እሳቸው ራሳቸው በተናገሩት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ስለ ነበረ፣ ደራሲው ሊታወቅላቸው የወደዱት ገጽ ብቻ ጎልቶ ወጣ። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር የማያነሣው ነገር እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ።

ሲቤሊየስ ካረፉ በኋላ ታቫስትሼርና አዲስ የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ሲነሡ፣ ቤተሰቡ ከከባድ ጥያቄ ፊት ቆመ። በአይኖላ የባልና ሚስቱ ደብዳቤዎች አሉ። ሲቤሊየስ ከ1909 ጀምሮ የጻፉት የዕለት ማስታወሻም አለ። በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ደራሲው ስለ ዕዳቸው፣ ስለ ብቸኝነታቸው፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሌሎች የሙዚቃ ሰዎች የተሰማቸውን ቅናት ሳይቀር ጽፈዋል። ይህ ለማን ይታያል? የአገር መመኪያ የሆነን አባት ገመና ለእንግዳ መክፈት ይገባልን? ወይስ «የቤት ነገር በቤት» ብሎ መቆለፍ ይሻላል?

እስቲ ራስዎን በእሳቸው ቦታ ያኑሩ። ወይዘሮ አይኖ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አሮጊት ነበሩ። ባለቤታቸው በሰው ሁሉ አንደበት ይመሰገናሉ። ሳጥኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው ቢቀመጡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ቤተሰቡ ግን መረጠ፤ ማስታወሻውና ደብዳቤዎቹ ለታቫስትሼርና ተከፈቱ። ወይዘሮ አይኖም ሲጠየቁ የሚያስታውሱትን ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። አንድ ደብዳቤ ስለ አንድ ቀን የሚለውን፣ ማስታወሻው ስለዚያው ቀን ከሚለው ጋር ያስተያያሉ። ሁለቱን ደግሞ ደራሲው በዚያው ሰሞን ከሞከሯቸው የዜማ ረቂቆች ጋር ያገናዝባሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1965 ታተመ፤ ሁለተኛው በ1967። አምስተኛውና የመጨረሻው ሲወጣ ዘመኑ 1988 ሆኖ ነበር። ልብ ይበሉ፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መጽሐፍ መካከል ሃያ ሦስት ዓመታት አሉ። ጸሐፊው መጽሐፉን የጻፉት በስዊድንኛ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ግን ወደ ፊንላንድኛ ተተርጉሞ ነው። ወይዘሮ አይኖ በ1969 በ97 ዓመታቸው ከማረፋቸው በፊት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ለማየት በቅተዋል።

ታዲያ እውነቱ ሲገለጥ ሐውልቱ ፈረሰ? አልፈረሰም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1908 ሲቤሊየስ በጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሞትን በቅርብ አዩት፤ ለሰባት ዓመት ያህልም መጠጥና ሲጋራ ተዉ። ከዚህ ፍርሃት በኋላ የተጻፈው አራተኛው ሲምፎኒ በ1911 በሄልሲንኪ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ግራ ተጋባ፤ ጭር ያለና ጨለማ የበዛበት ሙዚቃ ሆነበት። የዚያን ዘመን ማስታወሻ ከታቫስትሼርና ጋር የሚያነብ ሰው ግን ሙዚቃው ከየት እንደ መጣ ያስተውላል። ሰውየው ሲጨነቁ ስናይ ሥራቸው አላነሰብንም፤ የከፈሉበት ዋጋ ታወቀን እንጂ።

ከዚህም ሌላ፣ ዋጋውን የከፈለው ማን ጭምር እንደ ሆነ ታወቀ። በ1923 በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ሲቤሊየስ ጠጥተው ወደ መድረክ ወጡ። ኦርኬስትራው መጫወት እንደ ጀመረ ልምምድ ላይ ያሉ መስሏቸው አስቆሙት። ወይዘሮ አይኖ በአዳራሹ ተቀምጠው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛው ሲምፎኒ በስቶክሆልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ እሳቸው አብረው አልሄዱም። ይህን የምናነሣው ሐሜት ለመጨመር አይደለም። በመጽሐፍ የኋላ ገጽ ላይ «ለባለቤቴ» ከሚል አንድ ቃል ውጭ የማይታይ የአንዲት ሴት ድካም፣ በታሪክ ጸሐፊው ብዕር ከአደባባይ ስለ ዋለ ነው እንጂ።

ስለ ስምንተኛው ሲምፎኒስ? እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊው ዋና ምስክር የቤቱ እመቤት ሆኑ። በ1940ዎቹ፣ ሲቤሊየስ ብዙ የዜማ ጽሑፎች በአንድ የልብስ ቅርጫት ሰብስበው በምግብ ክፍሉ ምድጃ ውስጥ አቃጠሉ። ወይዘሮ አይኖ ይህን ቆመው ማየት አልቻሉም፤ ክፍሉን ለቀው ወጡ። ስለዚህም ለታቫስትሼርና ሲመሰክሩ፣ ወደ እሳቱ የገባው ምን ምን እንደ ሆነ በዝርዝር እንደማያውቁ ሳይደብቁ ተናገሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤታቸው ረጋ ማለታቸውንና መንፈሳቸው ቀለል ማለቱን ግን አስታውሰዋል። ስምንተኛው ሲምፎኒም በዚያ ምድጃ እንደ ጠፋ ይታመናል። ባለሥራው የገዛ ሥራቸውን አቃጠሉ፤ መብታቸው ነበር። ለእኛ የቀረልን፣ አንዲት ሚስት ያየችውንና ያላየችውን ለይታ የተናገረችው ቃል ነው።

ከእሳቱ የተረፈው ቤተሰቡ ጠብቆ አቆይቶታል። የአይኖላን ቤት የሲቤሊየስ ሴቶች ልጆች በ1972 ለመንግሥት አስረከቡ፤ በ1974 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በ1982 ደግሞ ቤተሰቡ በእጁ የነበሩትን የዜማ ጽሑፎች ለሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ተመራማሪዎች እነዚያን ወረቀቶች ሲመረምሩ ከስምንተኛው ሲምፎኒ ጋር ግንኙነት ያላቸው የሚመስሉ ጥቂት ቁርጥራጭ ረቂቆች አገኙ። በ2011 የሄልሲንኪ ኦርኬስትራ ተጫወታቸው፤ ሁሉም ሲደመር ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ፕሮፌሰር ታቫስትሼርና ይህን አልሰሙም፤ በ1993 ዐርፈዋል። የመጽሐፋቸው የመጨረሻው የእንግሊዝኛ ክፍል በ1997፣ የሲቤሊየስ ማስታወሻም ራሱ በሌላ ተመራማሪ ተዘጋጅቶ በ2005 ለንባብ በቃ። ልጃቸው፣ ኤሪክ ቲ. ታቫስትሼርና፣ ፒያኒስት ሆነው፣ አባታቸው የዶክትሬት ጽሑፍ የጻፉባቸውን እነዚያን የተናቁ የፒያኖ ሥራዎች አስቀርጸዋል።

ውድ አንባቢ፣ «የእኛ ቤት ሲምፎኒ የለበት፤ ይህ እኛን ምን አገባን?» ሊሉ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ቤት ግን ልጅ አድጎ የሚጠይቀው ነገር አለ። አያቴ የት ተወለደች? አባቴ ከዚያ መሥሪያ ቤት ለምን ወጣ? በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? መልሱን የምታውቀው አንዲት አክስት ወይም አያት ትሆንና፣ ሳትጠየቅ ታልፋለች።

ስለዚህ ጥቂት ምክር እንለግስዎ። በሚቀጥለው ጽዳት ሳጥኑ ሲወጣ ለማቃጠል አይቸኩሉ። ደብዳቤዎቹን እርጥበት ከማይነካው፣ አይጥና ብል ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩ። በፎቶግራፎቹ ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ቀለል አድርገው ይጻፉ፤ እስክሪፕቶ ፎቶግራፍ ያበላሻል። ትልልቆቹን ቡና ላይ ይጠይቋቸው፤ የሚሉትንም አንድ ልጅ በደብተር ይጻፈው። የሚያሳፍር ወይም የሚያሳዝን ነገር ቢገኝ፣ ለጎረቤት መዘርገፍም፣ ተቻኩሎ መቅደድም ተገቢ አይደለም። ከቤተሰብ ጋር ተመካክሮ፣ ማን ያንብበው፣ መቼስ ይከፈት ብሎ መወሰን ይቻላል። የአይኖላ ሰዎችም ወረቀቱን የሰጡት ለአላፊ አግዳሚው አልነበረም፤ ሃያ ዓመት ታግሦ ለሚያነብ ሰው ነበር።

ወይዘሮ አይኖ አንድም ሲምፎኒ አልደረሱም። ነገር ግን ያለ እሳቸው ቃል አምስቱ መጻሕፍት ጎደሎ በሆኑ ነበር። የእርስዎም ሳጥን ዛሬ ከአልጋ ሥር ነው። ከውስጡ ያለውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና፣ ሳይረሱት ለልጅዎ ይንገሩ።