ወላጅ በገጠር፣ ልጅ በኪራይ ቤት፤ በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ልጆችን ከኤች አይ ቪ ስለ መጠበቅ

በመስከረም ወር ነጌሌ ቦረና የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። ከገጠር የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ፍራሻቸውንና ጀሪካናቸውን ይዘው የሚከራይ ክፍል ሲፈልጉ ይውላሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በአብዛኛው በከተማ ስለ ሆነ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ከጓደኞቿ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ራሷ አብስላ፣ ራሷ ውሃ ቀድታ ትማራለች። አባቷ ፍየል ሲሸጥ ገንዘብ ይልክላታል፤ እናቷም በገበያ ቀን ቅቤና ወተት ታመጣላታለች። በያቤሎም፣ በክብረ መንግሥትም፣ በሞያሌም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ልጅን ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት ቤተሰብ ነው ሲባል፣ ከቤተሰቡ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ለማያድር ልጅ ይህ አነጋገር ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ በደም ምርመራ የታወቀው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተገኙት በ1986፣ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች ቫይረሱ ያለባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ቍጥሩ በገጠር 0.4፣ በከተማ 2.9 ነበረ፤ ስለዚህ ፍራሿን ተሸክማ ከተማ የገባችው ልጅ ከመጀመሪያው ቍጥር ወደ ሁለተኛው ተሻግራለች ማለት ነው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ ስለ በሽታው የተሟላ ዕውቀት የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 24፣ ወንዶች ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። የእኛ ከተሞች ደግሞ የመንገድ ከተሞች ናቸው። በሞያሌ የናይሮቢ ጭነት መኪና ያልፋል፤ በሻኪሶ ወርቅ ይወጣል፤ ነጌሌ ከጥንት ጀምሮ የወታደር ሰፈር ያለባት ናት። ገንዘብ ይዞ ከቤቱ ርቆ የሚያድር ወንድ በማይታጣበት ቦታ፣ በወር መጨረሻ የቤት ኪራይ የጐደላት ተማሪ ምን ዓይነት ፈተና እንደሚገጥማት ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም።

በአሜሪካ አገር በማያሚ ከተማ ከእኛ ጋራ የሚመሳሰል ችግር ታይቶ ነበር። ከላቲን አሜሪካ ወደዚያ የሄዱ ወላጆች፣ ልጆቻቸው የአገሩን ቋንቋና ልማድ ቀድመዋቸው ስለ ተማሩ፣ የምክር ሥልጣናቸው ከእጃቸው ወጣ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት «ፋሚሊያስ ኡኒዳስ» ማለትም «የተባበሩ ቤተሰቦች» የተባለውን ትምህርት አዘጋጁ። የሚያስገርመው፣ ይህ ትምህርት በይበልጥ የሚሰጠው ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ነው። ወላጆች በቡድን ተሰብስበው ከልጅ ጋራ እንዴት እንደሚነጋገሩ ይለማመዳሉ፤ ከዚያም አስተማሪው ቤታቸው ሄዶ ከልጃቸው ጋራ ሲነጋገሩ ይረዳቸዋል። ከብት ተከትሎ ፎራ የወረደ የቦረና አባት ባሕር አልተሻገረም፤ ሆኖም ልጁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስታነብ ሲያይ «ለተማረች ልጅ እኔ ምን እነግራታለሁ?» ማለቱ ያው ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ነውር ነው። በኦሮሞ ዘንድ «ሰፉ» የሚባለው ሥርዓት ታላቅና ታናሽ የሚከባበሩበትን ወሰን ያስጠብቃል፤ አባት ከሴት ልጁ ጋራ ስለ ሩካቤ ሥጋ መነጋገሩ ከዚህ ወሰን ያለፈ ሆኖ ይታያል። ከዚህም በላይ ስለ ቦረና ከተጻፉ ጥናቶች አንዳንዶቹ «ጃላ ጃልቶ» የተባለውን፣ ባለትዳሮች ከትዳር ውጭ ወዳጅ የሚይዙበትን ልማድ ስለሚያነሡ፣ ልጁን የሚመክር ወላጅ ራሱ ተመልሶ እንዳይጠየቅ የሚፈራ ይመስለኛል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ከዚህ ነውር ነጻ አይደለም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን ስለ መራቢያ አካል የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለው አለፉት። የእኔ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነበረ፤ እዚያም ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም።

ስለዚህ በእኛ አገር «ወላጅ» የሚለው ቃል ሰፋ ተደርጎ መተርጎም አለበት እላለሁ። አባት ሊናገረው የማይችለውን አክስት ወይም አያት ልትናገረው ትችላለች፤ ለወንድ ልጅ ደግሞ የእናቱ ወንድም ይቀርበዋል። በየቀኑ ልጅቱን የምታየው ግን ቤት ያከራየቻት ሴት ናት። እናት በገበያ ቀን ስትመለስ «ልጄን አደራ» ትላታለች፤ ምን አደራ እንደ ሆነ ግን አትገልጽላትም። አደራው ቢገለጽ እንዲህ ያለ ይሆናል፤ ኪራይ ቢጐድል ለሌላ ሰው ሳይነገር በፊት ለእኛ ይነገረን፤ ማታ ስታመሽ ትጠየቅ፤ የሚደፍራት ሰው ቢገጥማት ግን ሳትነቀፍና ሳትደበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚከለክለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበትና፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ድረስ መጠበቅ መድኃኒቱን ያሳልፋል። የገበያ ቀን ወላጆች ሁሉ ከተማ የሚገኙበት ቀን ስለ ሆነ፣ ትምህርት ቤቶች ወላጆችንና አከራዮችን በአንድነት ለማነጋገር ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኙም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቫይረሱ ጋራ ተወልደው በመድኃኒት ያደጉ ልጆች ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ደርሰዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኪኒኑን ለዓመታት ሲውጡ ኖረው ምን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም፤ «የሳንባ መድኃኒት ነው» የተባሉም አሉ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ ዛሬ ተረጋግጧል። ይህን ያልሰማች ልጅ ግን፣ አብረዋት በአንድ ክፍል የሚያድሩት ጓደኞቿ እንዳያዩባት ብልቃጡን ፍራሹ ሥር ትሸሽገዋለች፤ ክፍሉ በሰው የተሞላ በሆነበት ምሽት ደግሞ ሳትውጠው ታድራለች።